በሬው ወግቶ ያውቃል ወይ?

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለአንድ ዘመዴ ተዝካር በየዳ ሄጄ ነበር። የሰሜንን ተራራ በቴሌቪዥን ብቻ ለምታውቁት፣ በየዳ ማለት ከደባርቅ ተነስታችሁ ሳንቃበርን፣ ከዚያ ጨነቅን (ስሙ ራሱ ጨነቅ!)፣ ከዚያ የቧሒትን ትከሻ ተሻግራችሁ፣ በጃናሞራ በኩል አድርጋችሁ የምትደርሱበት፣ ከራስ ዳሽን ጋር የሚጎራበት አገር ነው። የወረዳው ከተማ ድል ይብዛ ትባላለች። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው የጦር ሜዳ ትመስለው ይሆናል፤ እኔ ያገኘሁት ግን ገብስ፣ በግ፣ ብርድና ጨዋ ሰው ነው።

በተዝካሩ ማግስት የሰፈሩ ሽማግሎች ለአንድ ጉዳይ ተቀምጠው ስለነበር እኔም «የተማረ ሰው ነው፣ ይስማ» ተብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ያንዱ ሰው በሬ የጎረቤቱን ልጅ ጭኑ ላይ ወግቶታል። ልጁ ተርፏል፣ ግን ያነክሳል። እኔ የከተማው ሰው የጠበቅሁት ክርክር «ቁስሉ ምን ያህል ነው? ሕክምናው ስንት ፈጀ? ካሳው ስንት ይሁን?» የሚል ነበር። ከሽማግሎቹ መሐል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡት አዛውንት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«በሬው ከዚህ በፊት ወግቶ ያውቃል ወይ?»

ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ «አምና የኔን አህያ ወግቷል» አለ። አንዲት ሴት ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «እኔንም ከወንዝ ስመለስ አባሮኛል፣ እንስራዬን ሰብሯል» አሉ። ሽማግሌው ወደ ባለ በሬው ዞሩ። «ተነግሮህ ነበር?» ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ተነግሮኝ ነበር።» አለቀ። እረኛው ልጅ፣ ያን ዕለት በሬውን ይነዳ የነበረው፣ ጥግ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። «አንተ ልጅ ተቀመጥ» አሉት ሽማግሌው፤ «አንተን ቆይተን እንጠይቅሃለን።»

ሕጉ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን የከፈተ ሰው ያገኘዋል፦ ተዋጊነቱ የማይታወቅ በሬ አንድ ነገር ነው፤ መዋጋቱ ታውቆ፣ ለባለቤቱ ተነግሮት፣ ባለቤቱ ያልጠበቀው በሬ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ባለቤቱም ይጠየቅበታል። በየዳ ያሉት ሽማግሌ ይህን ከመጽሐፍ ይሁን ከአባታቸው ይስሙት አልጠየቅኋቸውም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በማግስቱ ወደ ደባርቅ ስመለስ ተዋጊ በሬ ላይ ተሳፍሬ መምጣቴና፣ በመንገዱ ሁሉ ያንን የሽማግሌውን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድም ሰው አለመገኘቱ ነው።

ከበየዳ ወደ ደባርቅ አውቶብስ እንደ ልብ አይገኝም። የተገኘው አይሱዙ ነው፣ ገብስ የጫነ አይሱዙ። እኔን ለሽበቴ ሲሉ ጋቢና አስገቡኝ፤ ሌላው ሕዝብ ከጆንያው በላይ ወጣ። ቆጥሬያለሁ፤ ሃያ ሦስት ሰው፣ ከነሱ ውስጥ አንዲት ሐኪም ቤት የምትሄድ ሴት፣ ሁለት የታዘሉ ሕፃናት፣ በተጨማሪም እግሩን የታሰረ ፍየል። ሾፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከመነሳታችን በፊት «ለብርዱ» ብሎ አንዲት መለኪያ ካቲካላ ጨለጠ። ብርዱን አልክድም፤ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ባለ መተላለፊያ ላይ ንጋት ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። መለኪያዋ ግን ሁለተኛ ነበረቻት፤ ሦስተኛዋን እኔ አላየሁም።

«ይሄን ሁሉ ሰው ጭነህ ትራፊክ አይዝህም?» አልኩት።

«ኧረ ይይዘናል ጋሼ» አለ እየሳቀ። «መያዝማ ይይዘናል። ከፍለን እናልፋለና።»

«ነጥቡስ?»

«የቱ ነጥብ?»

አስረዳሁት። ጥፋት በተመዘገበ ቁጥር በአሽከርካሪው ስም ነጥብ እንደሚያዝ፣ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እንደሚታገድ፣ ሲበዛም እንደሚሰረዝ። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ መምህር ነበርኩና ሲያዳምጡኝ አውቃለሁ።

«እ... እሱ የአዲስ አበባ ነው ጋሼ» አለኝ በመጨረሻ። «የኔ መንጃ ፈቃድ ደሞ የወጣው ሌላ ክልል ነው። እዚህ ቢጽፉብኝ እዚያ ማን ያነበዋል?»

ይህችን መልስ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ኬላ ላይ ስንደርስ ቆምን። ረዳቱ ሊብሬውን ይዞ ወረደ። ሊብሬው መሐል የታጠፈች ብር ነበረች። ትራፊኩ ሊብሬውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መለሰ። ቀና ብሎ ከጆንያው በላይ የተደረደረውን ሰው አላየም፤ ቀና ቢል ኖሮ ሃያ ሦስት ጥንድ ዓይን ያየው ነበር። ረዳቱ ዘሎ ተሰቀለ፣ ሄድን። «ስንት ወሰደ?» አልኩ። «ያው እንደ ሁልጊዜው» አለኝ ሾፌሩ። «ባለ መኪናው በየጉዞው ቆርጦ ይሰጠናል እኮ። ለነዳጅ ይሄን ያህል፣ ለምሳ ይሄን ያህል፣ ለመንገድ ይሄን ያህል።»

ለመንገድ! እንግዲህ የኢትዮጵያ የትራፊክ ሕግ ባንድ ባለ መኪና ደብተር ውስጥ ያለው ቦታ ይኸው ነው፤ ከነዳጅና ከምሳ ቀጥሎ፣ በሦስተኛው መስመር ላይ የተጻፈ ወጪ።

ቧሒትን ወጥተን ስንወርድ አንድ ኩርባ ላይ ፍሬኑ እንደተፈለገው አልያዘም። ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ የፊተኛው ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ቀርቶት ቆሟል። ከላይ ያለው ሰው ይጮኻል፣ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፣ ፍየሉ ብቻ ዝም ብሏል። ሾፌሩ መሪውን እንደጨበጠ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ሳቂታ ልጅ እስከ ደባርቅ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከኛ በታች ያለው ገደል ምን ያህል እንደሚወርድ ሰሜንን ያየ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጨዋታችን።

ቅጣት በነጥብ የሚባለው ነገር ወደ አገራችን የመጣው በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነው። ደንቡ ወጣ፤ ነጥቡ ግን ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በቁም ነገር ሊሠራበት ሲባል፣ የካቲት 21 ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ያን ዕለት ከተማው በእግሩ ሄደ። መንግሥትም ተፈጻሚነቱን ለሦስት ወር አራዘመው። በ2009 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 395 ማሻሻያ ይዞ መጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557። ወረቀት አልጎደለብንም ማለት ነው። ወረቀትማ ከማን አንሰን!

ታክሲዎቹን አልረግምም። ፈረንሳዮችም የነጥብ መንጃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ሲጀምሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች አውራ ጎዳናውን በመኪኖቻቸው ዘግተው፣ መንግሥት መንገዱን ለማስከፈት ጦር ሠራዊት እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። መንግሥቱ ምን አደረገ? ተነጋገረ፣ የነጥቡን ቁጥር ከፍ አድርጎ ለሾፌሩ ትንሽ መተንፈሻ ሰጠው፣ ሕጉን ግን አላጠፈውም። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ መንገድ ላይ የሞተው ሰው ከ9 ሺህ በላይ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሺህ ብዙም አይርቅም። ነጥቡ ብቻውን ይህን አመጣ ብል እዋሻለሁ፤ ካሜራው አለ፣ ቀበቶው አለ፣ የተሻለ መኪና አለ። ግን ነጥቡን ከዚያ መሐል አውጡት ብትሏቸው አያወጡትም። በሌላ በኩል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሕጉን አውጥታ፣ ነጥቡን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዛሬ ነገ ስትል የኖረች። እኛ የትኛውን መንገድ እንደያዝን እናንተው ፍረዱ።

ነጥብን ከገንዘብ ቅጣት የሚለየው ምንድነው? ብዙ ሰው «ተጨማሪ ቅጣት» ይመስለዋል። አይደለም። ነጥብ ትዝታ ነው። የገንዘብ ቅጣት የዛሬውን ጥፋት ዛሬ ዋጋ ተምኖ ይዘጋዋል፤ ከፈልክ፣ ታረቅን፣ ነገ እንደ አዲስ። ነጥቡ ግን የሽማግሌውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ከዚህ በፊት ወግቶ ያውቃል ወይ?» ብር የሌላ ሰው ኪስ ሊከፍለው ይችላል፤ ባለ መኪናው ይከፍለዋል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ ተሳፋሪው ላይ ታሪፍ ይጨመራል። ነጥብን ግን ማንም ለማንም አይከፍልለትም። ሃብታሙ ባለ ቪ ኤይትም ድሃው ባለ ሚኒባስም ያላቸው የነጥብ ቁጥር እኩል ነው። በዚህች አገር ሃብታምና ድሃ እኩል የሚያጡት ነገር ስንት አለ? አንድ ቢገኝ ለምን እንቀብረዋለን?

እኔ ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ውጤቱ ዝቅ ሲል ማስጠንቀቂያ እንሰጠዋለን፣ ካልተሻሻለ እናሰናብተዋለን። ውጤቱ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሄድ ትራንስክሪፕቱ ተከትሎት ይሄዳል። አንድን ልጅ የግጥም ምት መለየት ስላቃተው አሰናብተን፣ አልቅሶ ጓዙን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ያ ልጅ ማንንም አልገደለም። ስንኝ ተሳሳተ እንጂ ሃያ ሦስት ሰው ገደል ጫፍ ላይ አላቆመም። ለግጥም ይህን ያህል የማይረሳ መዝገብ ያቆመ አገር ለመሪ መዝገብ ማቆም አቃተኝ ሲል ማን ይመነው?

«አቅም የለም» ይሉኛል። የለም? ደባርቅ ላይ አንድ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ባለ ሱቁ ጥግ ጥጉ የጠቆረ የዱቤ ደብተር አለው። ከጃናሞራ መጥቶ ኪሎ ስኳር የወሰደውን፣ ከዳባት መጥቶ ሳሙና የወሰደውን፣ ስንት ቀርቶበት እንደነበር ሁሉ ጽፏል፤ ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣ ስሙን ሳይጨርስ ገጹን ይገልጥለታል። ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ፓርኩ አለ። በሰሜን ተራራ ዋልያ ይቆጠራል፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ፣ ግልገሉ ለብቻ። ገደል ለገደል እየተንጠለጠለ የሚኖር አውሬ መቁጠር የቻለ አገር፣ ታርጋ ለጥፎ በአንድ መንገድ የሚመላለስ መኪና መቁጠር አልቻለም ብሎ ነገር የለም። ዋልያው ስለሚያስፈልገን ቆጠርነው፤ ጥሩ አደረግን። የአይሱዙው ላይ ሰው አያስፈልገንም ማለት ነው?

ደሞስ ዛሬ ፋይዳ የሚባል መታወቂያ መጥቷል። ሰው ብር የሚልከው፣ የመብራት የሚከፍለው በስልኩ ነው። የትራፊክ ቅጣት ራሱ አዲስ አበባ ላይ በስልክ ይከፈላል። ብሩን በአንድ ደቂቃ ከኪሳችን አውጥቶ ወደ መንግሥት ካዝና የሚያደርስ መሣሪያ፣ ከብሩ ጋር አንዲት ነጥብ አዝሎ መሄድ ያቅተዋል? ሲሰበስብ ዘመናዊ፣ ሲያስታውስ ጥንታዊ የሆነ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የአቅም አይመስለኝም።

ወደ ሾፌሩ መልስ ልመለስ። «እዚህ ቢጽፉብኝ እዚያ ማን ያነበዋል?» ከዚህ የተሻለ የደንቡን ጉድለት የገለጸ የሕግ ባለሙያ አልሰማሁም። ደንቡ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው፣ ለመላ አገሪቱ የሚሠራ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጡት ግን ክልሎች ናቸው። መኪናው ክልል አያውቅም። መዝገቡ ግን ክልል ድንበር ላይ ሲደርስ እንደ ዝናብ ውኃ ይሰርጋል። አንድ አሽከርካሪ በአንዱ ክልል የተያዘበት ነጥብ በሌላው ካልታየ ነጥብ አልተያዘበትም፤ ወረቀት ተበላሸ እንጂ። ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። አዲስ ደንብ አታውጡልን፤ ያላችሁን መዝገብ አንድ አድርጉልን። ሾፌሩም የራሱን ነጥብ በስልኩ ከፍቶ ይየው፤ አላግባብ የተያዘበት ካለም ይከራከር።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሳ፣ ምክንያቱም ሌሎቹን የሚያነሱት ብዙ ጊዜ ከልባቸው አይደለም። ከባዱ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ ነጥቡ ቢጠና ጉቦውን ማስወደድ ነው። ዛሬ በሊብሬው ውስጥ የምትታጠፈው አንዲት ብር ነገ ሦስት ትሆናለች። ፈቃዱ ሊሄድበት ያለ ሾፌር ያለውን ሁሉ ይሰጣል።» እውነት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ለአንድ ትራፊክ እጅ ላይ የሰው እንጀራ አስቀምጦ መተማመን የዋህነት ነው። ግን ይህ ክርክር ወዴት እንደሚወስደን እዩት። ጉቦ አለና ቅጣት አይኑር፣ ቅጣት አይኑርና ሃያ ሦስት ሰው ከጆንያ በላይ ይሂድ! ሌባ አለ ብሎ ቤቱን ያፈረሰ ሰው ታውቃላችሁ? ነጥቡን ሾፌሩ ከቆመበት ሰዓትና ቦታ ጋር እዚያው የሚመዘግብ፣ ተሳፋሪውም የሚያየው ደረሰኝ የሌለው ነጥብ አይያዝ። ትራፊኩም ራሱ ይቆጠር፤ በዚያ ኬላ ላይ ዓመት ሙሉ ቆሞ አንድም ትርፍ የጫነ አይሱዙ ያላገኘ ትራፊክ፣ እሱም ነጥብ የሚያዝበት ሰው ነው።

«መንገዱ ይቅደም» የሚሉም አሉ። መንገዱ ይሠራ፣ ማን ጠላ። ግን መጥፎ መንገድ ለጥንቃቄ ምክንያት ነው እንጂ ለግድየለሽነት ፈቃድ አይደለም። የሊማሊሞን ጥምዝ ጣሊያን ሲሠራው ማንም ቀልድ አይደለም ብሎ ነበር የሚነዳው። ሌላው ደግሞ «በጥይት ዘመን ስለ ነጥብ ታወራለህ?» ይለኛል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያ አካባቢ በጦርነት ምን እንዳየ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ ምን ላይ እንደወደቀ አውቃለሁ፤ ዘመዶቼ እዚያ ናቸው። ኬላ ላይ የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ሳምንት ነጥብ ያዙ አልልም። እኔ የምናገረው ግን ጥይት በማይጮኽበት ወር፣ በሰላሙም አገር፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስለሚሆነው ነው። ፖሊስ ራሱ በሚያወጣው ቁጥር በዓመት ከ3 ሺህ በላይ ሰው በመንገድ ላይ ይሞትብናል። ያንን ጥይት አላደረገውም።

«እንጀራውን ነው የምትነጥቀው» ለሚሉኝም አንድ ነገር ልበል። እንጀራ ማለት የሾፌሩ ብቻ ነው? ከጆንያው በላይ ያለው ሰውዬ እንጀራ አይበላም? ሐኪም ቤት ትሄድ የነበረችው ሴት ልጆች የሉዋትም?

እኛ እኮ ነገሩን በቀልድ ለምደነዋል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን የጠራን ሕዝብ ነን። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በቅጽል ስም እደሰታለሁ፤ የሕዝብ ፈጠራ ነው። ግን ሕዝብ ገዳዩን ስም አውጥቶለት ሲስቅ፣ መንግሥት ደግሞ ስሙን መዝገብ ላይ መጻፍ ሲረሳ፣ ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ አላውቅም።

በየጊዜው አደጋ ሲደርስ የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ለጋምቦ ላይ አውቶብስ ገደል ገብቶ 38 ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዳማ ቦና ላይ ሠርገኛ የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰው ሞተ። በጭነት መኪና ላይ የተጫነ ሠርገኛ! የኔዎቹ ሃያ ሦስት ሲሆኑ፣ የነሱ ከዚያ ይበዛል፤ ሌላ ልዩነት አላየሁበትም። ከዚያ ሐዘን መግለጫ፣ ከዚያ የሳምንት ዘመቻ፣ ከዚያ ኬላው ሁሉ ፉጨት በፉጨት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ረዳቱ ሊብሬውን ይዞ ይወርዳል።

የመጨረሻው፣ ለኔ ዋናው፣ ባለ በሬው ነው። ሽማግሌው እረኛውን «ቁጭ በል» ብለው ባለቤቱን ነበር የጠየቁት። የኛ ነጥብ ግን የሚያርፈው እረኛው ላይ ነው። ሃያ ሦስት ሰው ጫን ያለው ማን ነው? ፍሬኑን አላሠራም ያለው ማን ነው? «ለመንገድ» ብሎ ቆርጦ የሰጠው ማን ነው? ባለ መኪናው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ቡና ይጠጣል፤ ነጥብ የሚያዝበት መንጃ ፈቃድ እንኳ ላይኖረው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ኃይለኛ ሕግ ነው፤ ከሽማግሌው ጋር የሚግባባ። ግን እሱ ካሳ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣ። ዛሬ ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ስላለ ካሳውን የሚቆጥረው መድን ድርጅቱ ነው። ባለ መኪናው በሬውን ሳያስር ይተኛል። ስለዚህ ነጥብ ለሾፌሩ በመንጃ ፈቃዱ፣ ለባለቤቱ ደግሞ በታርጋው ላይ ይያዝ። ያቺ ታርጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት የተለያዩ ሾፌሮች እጅ ትርፍ ሰው ጭና ከተያዘች ጥፋቱ የሦስት ሾፌሮች አይደለም፤ መኪናዋ ትቁም፤ ቦሎ አይለጠፍላት። ያን ጊዜ «ለመንገድ» የምትለው ሦስተኛ መስመር ከደብተሩ ላይ ትጠፋለች፤ ምክንያቱም የቆመ መኪና በብር አይከፈልለትም።

ይህን ስል ሾፌሩን ነፃ አወጣሁት አይባል፤ ካቲካላውን የጨለጠው ባለ መኪናው አይደለም።

ያን ዕለት ደባርቅ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ፍለጋ መናኸሪያ ስገባ ያንኑ አይሱዙ አየሁት። ስኳርና ዘይት ጭኖ ወደ በየዳ ሊመለስ ሸራው እየታሰረ ነው። ሰው ከወዲሁ ተሰቅሏል። ረዳቱ ትናንት የነበረው ልጅ ነው፤ መሪው ጋ የተቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነው።

«ሾፌራችሁስ?» አልኩት።

«ወረደ ጋሼ። ማታ ለባለ መኪናው ደውሎ ፍሬኑ ካልተሠራ አልነዳም አለው። እንግዲያስ ቁልፉን አስረክብ አለው።»

«ፍሬኑስ ተሠራ?»

ልጁ ዞር ብሎ አዲሱን ሾፌር አየ። ከዚያ ከጆንያው በላይ የተቀመጡትን ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ታርጋውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ለማን እንደምሰጠው ግን የማውቀው ሰው አልነበረም።